ፓኒክን ሆን ብሎ መቀስቀስ፦ ስለ ድንገተኛ ፍርሃት ሕመም መንስኤና ሕክምና

አብዛኞቹ የአእምሮ ሕመሞች ተመራማሪው በፈለገው ሰዓትና ቦታ ሊያስነሣቸው የሚችላቸው አይደሉም። ድባቴን በቀጠሮ ቤተ ሙከራ ውስጥ አምጥቶ፣ ለክቶና መዝግቦ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሕመምተኛውን ወደ ቤቱ መሸኘት አይቻልም። ፓኒክ ዲስኦርደር የሚባለው የድንገተኛ ፍርሃት ሕመም ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሕመሙ ያለበት ሰው ፈቃደኛ ከሆነ፣ ሐኪም አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ፣ ለየት ያለ አየር አንድ ጊዜ ብቻ በረጅሙ በመሳቡ ያ የሚያውቀው ፍርሃት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊነሣበት ይችላል። ስለ ሕመሙ መንስኤ ዛሬ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ፓኒክን እንዲህ ሆን ብለው ከቀሰቀሱ ሙከራዎች ነው፤ ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ዘለቄታ ያለው ለውጥ የሚያመጣው ሕክምናም በዚሁ መንገድ የሚሄድ መሆኑ ነው። እኔ ሕመሙን ለዓመታት በራሴ ላይ ያየሁት በመሆኑ፣ ምርምሩን ማንበብ የጀመርኩት ከጉጉት ይልቅ ከችግር ተነሥቼ ነው፤ ይህ ደግሞ በፍርዴ ላይ ጥላውን ሳያሳርፍ እንደማይቀር አንባቢ ያስተውልልኝ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ መለየት ያለበት ነገር፣ ፓኒክ አታክና ፓኒክ ዲስኦርደር አንድ አለመሆናቸው ነው። ፓኒክ አታክ በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ የሚነካ ብርቱ ፍርሃት ነው፤ ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ጣቶችን ይወርራል፣ ራስ ያዞራል፣ ከዚህም ጋር «ልሞት ነው» ወይም «ላብድ ነው» የሚል የማያጠራጥር የሚመስል ስሜት ይመጣል። ሕመም የሚባለው ግን እንዲህ ያለው ፍርሃት ባልተጠበቀ ጊዜ ደጋግሞ ሲነሣና ሰውዬው ቢያንስ ለአንድ ወር ያህል «መቼ ይመለስብኝ ይሆን» እያለ ሲሰጋ፣ ወይም በዚያው ስጋት አኗኗሩን ሲለውጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በብዙ አገሮች ባካሄደው የአእምሮ ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ፓኒክ አታክ የደረሰባቸው ሰዎች 13.2 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ፓኒክ ዲስኦርደር የያዛቸው ግን 1.7 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ሴቶች ላይ ደግሞ ከወንዶች ወደ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይታያል። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች የምረዳው፣ ዋናው ጥያቄ ፓኒክ ለምን ይነሣል የሚለው ብቻ አለመሆኑን ነው። ከስምንት ሰዎች ሰባቱ ያህል ካለፈባቸው በኋላ ወደ ኑሯቸው ሲመለሱ፣ በአንዱ ላይ ግን ለምን ሰፍሮ ይቀራል የሚለው ጥያቄ ይበልጣል።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ማሳሰቢያ አለ። ከልክ በላይ የሚሠራ የታይሮይድ እጢ፣ የልብ ምት መዛባት፣ የበዛ ካፌይን፣ አልኮል በድንገት ማቋረጥ፣ እነዚህ ሁሉ ከፓኒክ ጋር የሚመሳሰል ምልክት ሊያሳዩ ስለሚችሉ የመጀመሪያው የሐኪም ምርመራ ተገቢ ነው። ልቡ ጤነኛ መሆኑ ተረጋግጦ እያለ ለአሥረኛ ጊዜ ልቡን ለመመርመር የሚሰለፍ ሰው ግን ምርመራውን ራሱን የሕመሙ አካል አድርጎታል።

የታሪኩ መነሻ ከአእምሮ ሐኪሞች ዘንድ አይደለም። ጄኮብ ሜንዴስ ዳ ኮስታ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1871 ባሳተመው ጥናት፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ከተሳተፉ ወታደሮች መካከል ልባቸው የሚመታባቸው፣ ደረታቸውን የሚያማቸውና ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ነገር ግን በልባቸው ላይ የሚታይ ጉዳት ያልተገኘባቸውን ሰዎች ገልጾ፣ ሁኔታውን በቀላሉ የሚቆጣ ልብ ብሎ ሰይሞታል። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1895 የጭንቀት ኒውሮሲስ በሚል ስም ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ አቀረበው። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመታት ያህል ድንገተኛው ፍርሃትና ቀኑን ሙሉ የሚከተለው የተለመደ ጭንቀት እንደ አንድ ነገር ሲታዩ ኖሩ፤ አንዱ የሌላው የከፋ ደረጃ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ይህን አመለካከት ያናጋው ዶናልድ ክላይን ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ በሚገኘው የሂልሳይድ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ክላይን፣ ኢሚፕራሚን የተባለውን አዲስ መድኃኒት በጭንቀት ተይዘው ሌላ ሕክምና ላልረዳቸው ታካሚዎች ሰጠ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ታካሚዎቹ ሲጠየቁ ምንም ለውጥ እንደሌለ፣ አሁንም እንደሚጨነቁና ብቻቸውን መውጣት እንደሚፈሩ ተናገሩ። ለውጡን ያዩት ነርሶቹ ነበሩ፤ ቀደም ሲል «ልሞት ነው» እያለ ወደ ነርሶቹ ክፍል እየሮጠ ይመጣ የነበረ ታካሚ መምጣቱን አቁሟል። መድኃኒቱ ድንገተኛውን ፍርሃት ሲያቆም፣ «ይመጣብኝ ይሆን» የሚለውን የጥበቃ ጭንቀት ግን ሳይነካው ቀርቷል። ክላይን በ1964 ባቀረበው ጽሑፍ፣ በመድኃኒት ምላሻቸው የሚለያዩ ሁለት ነገሮች አንድ ሊሆኑ አይችሉም ሲል ተከራከረ፤ ፓኒክ ዲስኦርደርም በ1980 በወጣው ሦስተኛው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መለያ መመሪያ ውስጥ ራሱን ችሎ ሰፈረ። ለአንድ መድኃኒት የሚታይ ምላሽ የሕመምን ማንነት ለመወሰን በራሱ በቂ ማስረጃ ነው ብዬ አላምንም፤ አስፕሪን ትኩሳትን ስላወረደ ትኩሳት ሁሉ አንድ ዓይነት መንስኤ አለው አይባልም። ሆኖም ፍርሃቱና ፍርሃቱን መጠበቅ ሁለት ነገሮች ናቸው የሚለው ምልከታው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ባልታሰበ አቅጣጫ ድጋፍ አግኝቷል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ፓኒክን በመቀስቀስ ረገድ በሰፊው የሚጠቀሰው የመጀመሪያ ሙከራ ፒትስና ማክሉር በ1967 ያሳተሙት ነው። ቀደም ብሎ የተሠሩ ጥናቶች እነዚህ ታካሚዎች የአካል እንቅስቃሴ እንደማይስማማቸውና በእንቅስቃሴ ጊዜ በደማቸው ውስጥ ጡንቻ ሲሠራ የሚፈጠረው ላክቴት የተባለ ኬሚካል በብዛት እንደሚጠራቀም አመልክተው ስለነበር፣ ሁለቱ ተመራማሪዎች ሶዲየም ላክቴትን በደም ሥር በማንጠባጠብ ሰጡ። ከ14 ታካሚዎች በ13ቱ ላይ ፍርሃቱ ሲነሣ፣ ከ10 ጤነኞች ግን በሁለቱ ላይ ብቻ ታየ። ኋላ ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመሳሳይ ውጤት አገኙ፤ 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበትን አየር አንድ ጊዜ ብቻ መሳብ፣ ወይም 5 በመቶ ያለበትን ለደቂቃዎች መተንፈስ ሕመሙ ባለባቸው ሰዎች ላይ ፓኒክን ከሌሎች ይልቅ በተደጋጋሚ ያስነሣል። ካፌይን በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ፣ ዮሂምቢን የተባለው መድኃኒትና ሲሲኬ የተባለው የአንጎል ኬሚካል ቁራጭም እንደዚሁ ያደርጋሉ። ነገር ግን እነዚህ ነገሮች በሰውነት ውስጥ የሚሠሩት በየራሳቸው መንገድ ነው። ታዲያ ሁሉም ወደ አንድ ፍርሃት የሚያደርሱት በምን ምክንያት ነው?

ክላይን በ1993 የሰጠው መልስ የመታፈን የሐሰት ማስጠንቀቂያ የሚል ነው። በእርሱ አስተያየት አንጎል በደም ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድና የላክቴት መጨመርን እየተከታተለ፣ መታፈን ሲቃረብ የሚያስጠነቅቅ ጥንታዊ ሥርዓት አለው፤ ፓኒክ ዲስኦርደር ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህ ሥርዓት እጅግ ስለሚፈጥን አየር ሞልቶ ሳለ «ታፈንክ» ይላል። ይህ አሳብ ትንፋሽ ማጠር ከምልክቶቹ ሁሉ ለምን ጎልቶ እንደሚታይ፣ አንዳንዶችም ሕልም ከሌለበት እንቅልፍ ውስጥ በፓኒክ ለምን እንደሚባንኑ በሚገባ ያስረዳል።

የኦክስፎርዱ የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ክላርክ ደግሞ በ1986 ከሌላ አቅጣጫ መጥቶ ነበር። እንደ ክላርክ አባባል ችግሩ የሰውነት ስሜቱ ሳይሆን ለስሜቱ የሚሰጠው ትርጉም ነው። ልብ በማንኛውም ምክንያት ትንሽ ፈጠን ይላል፤ ሰውዬው ይህን የድንገተኛ ሞት ምልክት አድርጎ ይረዳዋል፤ በዚህም ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ልቡን ይበልጥ ያፈጥነዋል፤ የልቡ መፍጠንም «እውነትም ልሞት ነው» የሚለውን ያጸናለታል። ክቡ በሰከንዶች ውስጥ ይዘጋል። ላክቴትም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም፣ ካፌይንም በዚህ አመለካከት መሠረት የሚመሳሰሉት በኬሚካላዊ ሥራቸው ሳይሆን ሁሉም በሰውነት ውስጥ የሚሰማ ነገር በመፍጠራቸው ነው።

በሁለቱ መካከል ለመፍረድ ከተሠሩት ሙከራዎች ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ሳንደርሰን፣ ራፒና ባርሎው በ1989 ያሳተሙት ነው። ሃያ የፓኒክ ዲስኦርደር ታካሚዎች 5.5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበትን አየር እንዲተነፍሱ ተደረገ። ሁሉም አንድ ዓይነት መመሪያ ተሰጣቸው፦ ከፊታቸው ያለው መብራት ሲበራ አጠገባቸው ያለውን ማዞሪያ በማዞር የጋዙን መጠን መቀነስ እንደሚችሉ ተነገራቸው። ለአሥሩ መብራቱ በራ፣ ለሌሎቹ አሥር አልበራም። ማዞሪያው በእርግጥ ከምንም ነገር ጋር ያልተያያዘ ነበር፤ ሁሉም የሚስቡት ጋዝ እኩል ነው። መብራቱ ካልበራላቸው 80 በመቶው ፓኒክ ሲነሣባቸው፣ ከበራላቸው ግን 20 በመቶው ብቻ ተነሣባቸው። ጋዙ አንድ፣ ሳንባው አንድ፣ ደሙ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ልዩነቱን ያመጣው «ከፈለግኩ ማቆም እችላለሁ» የሚል እውነት ያልሆነ እምነት ነበር። መታፈንን ብቻ የሚያዳምጥ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ይህን እንዴት እንደሚያስረዳ ለእኔ አይታየኝም። በሌላ በኩል ደግሞ ተኝቶ የሚባንነው ሰው ስለ ልቡ ምት ምን ትርጉም ሊሰጥ ይችላል የሚለው የክላይን ወገን ተቃውሞ ቀላል አይደለም። እኔ የምደርስበት ድምዳሜ፣ ማስጠንቀቂያውን የሚያስጮኸው አካል ቢሆንም እንዲቀጥልና እንዲደጋገም የሚያደርገው ግን ትርጉሙ ነው የሚል ነው።

የአንጎል ምርምሩ ለብዙ ጊዜ ያተኮረው አሚግዳላ በሚባለው የአንጎል ክፍል ላይ ነበር። ጃክ ጎርማንና ባልደረቦቹ በ1989 ያቀረቡትንና በ2000 ያሻሻሉትን ንድፈ ሐሳብ ተከትሎ፣ አሚግዳላን ማዕከል ያደረገ የፍርሃት መረብ ከመጠን በላይ ንቁ መሆኑ የፓኒክ ምንጭ እንደሆነ በሰፊው ይታመን ነበር። አሚግዳላ የሌለው ሰው ፓኒክ ሊነሣበት አይገባም ማለት ነው። በ2013 የወጣው የጀስቲን ፋይንስታይንና የባልደረቦቹ ጥናት ይህንኑ ፈተሸ። እጅግ ብርቅ በሆነ የዘር ሕመም ምክንያት በሁለቱም የአንጎላቸው ወገን አሚግዳላቸው የጠፋ ሦስት ሰዎች 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲስቡ ተደረገ። ከእነርሱ አንዷ በእባብም ሆነ በሌላ በማንኛውም አስፈሪ ነገር እንደማትፈራ ለዓመታት በተደረገባት ጥናት የታወቀች ነበረች። ተመራማሪዎቹ ምንም አይሆኑም ብለው ጠብቀው ነበር። ሦስቱም ፓኒክ ተነሣባቸው፤ በንጽጽር ከቀረቡት 12 ጤነኞች ግን በሦስቱ ላይ ብቻ ነበር የታየው።

እዚህ ላይ ወደ ክላይን እመለሳለሁ። ፓኒክ የተነሣባቸው ጤነኞች ጋዙን ከመሳባቸው በፊት ሰውነታቸው አስቀድሞ ሲሰጋ በመሣሪያ ይታይ ነበር፤ አሚግዳላ የሌላቸው ሰዎች ግን አንድ ጊዜ ከተነሣባቸው በኋላ እንኳ ሁለተኛውን ሲጠብቁ ሰውነታቸው እንደዚያ አልሰጋም። በኢሚፕራሚን ታካሚዎች ላይ ፍርሃቱ ጠፍቶ መጠበቁ ቀርቶ ነበር፤ በእነዚህ ሰዎች ላይ ደግሞ መጠበቁ የለም፣ ፍርሃቱ ግን አለ። ሁለቱ ነገሮች በአንጎል ውስጥ በተለያየ ሥፍራ እንደሚኖሩ ከዚህ የጠራ ምልክት የማገኝ አይመስለኝም። አሚግዳላ ከውጭ የሚመጣውን አደጋ ለማወቅ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ከውስጥ የሚመጣው ማንቂያ ያለ እርሱም መንገድ አለው።

ስለ ዘር ውርስ በአጭሩ ልናገር። በ2001 የታተመ የቤተሰብና የመንትዮች ጥናቶች ማጠቃለያ ለሕመሙ ተጋላጭነት ከሚታየው ልዩነት 43 በመቶ ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ ገምቷል፤ ወላጁ፣ ልጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ ሕመሙ ያለበት ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌሎች በግምት አምስት እጥፍ ይሆናል። አንድ የፓኒክ ጂን ግን የለም፤ ብዙ ጥቃቅን ተጽዕኖዎች ተደማምረው ነው። የሚወረሰውም ሕመሙ ሳይሆን ዝንባሌው ነው።

«ምንም ምክንያት ሳይኖር ድንገት መጣብኝ» የሚለው የሁላችን አቤቱታስ? አሊሺያ ሞሬት የመራችው በ2011 የታተመ ጥናት 43 ታካሚዎች ትንፋሻቸውንና የልብ ምታቸውን የሚመዘግብ መሣሪያ ለብሰው ኑሯቸውን እንዲኖሩ አድርጎ 1,960 ሰዓት የሚሆን መዝገብ ሰበሰበ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የተመዘገቡት በተፈጥሮ የተነሡ ፓኒኮች 13 ብቻ ነበሩ፤ ነገር ግን ታካሚዎቹ ድንገተኛ ነው ካሉት በፊት በነበረው አንድ ሰዓት ገደማ የሰውነታቸው አሠራር፣ በተለይም ትንፋሻቸው፣ አስቀድሞ መናወጥ ጀምሮ ነበር። ሰውዬው አላወቀም እንጂ አካሉ ጀምሯል። የናሙናው ትንሽነት ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ቢሆንም በራሴ ላይ ከማውቀው ጋር ስለሚገጥም ለማመን አልቸገርም።

አሁን ወደ ሕክምናው። የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና የሚባለው የንግግር ሕክምና በብዙ ጥናቶች የተፈተነና ብዙውን ጊዜ በቀዳሚነት የሚመከር ነው። እምብርቱ ታካሚው የሚፈራቸውን የሰውነት ስሜቶች በራሱ እጅ እንዲፈጥራቸው ማድረግ ነው፦ በሚሽከረከር ወንበር ላይ መዞር፣ በቀጭን መምጠጫ እየተነፈሱ መቆየት፣ ለአንድ ደቂቃ በፍጥነትና በጥልቀት መተንፈስ፣ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ። ራስ ያዞራል፣ ጣት ይወርራል፣ ልብ ይደልቃል፤ ታካሚው «አሁን እወድቃለሁ» ብሎ የተነበየውን ያስመዘግባል፤ ከዚያም አለመውደቁን ያያል። በፓኒክ ጊዜ ራስን ስቶ መውደቅ የማይለመደውም ለምን እንደሆነ ይማራል፦ ሰው ራሱን የሚስተው ባብዛኛው የደም ግፊቱ ድንገት ሲወርድ ነው፣ በፍርሃት ጊዜ ግን ግፊቱ ከፍ ማለት ይቀናዋል። ጣትን የሚወርረውና የሚያዞረው ደግሞ በፍጥነት በመተንፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ውስጥ ከልክ በላይ ስለሚወጣ እንጂ አየር ስላነሰ አይደለም።

የሕክምናው አስቸጋሪ ክፍል መልመጃው አይመስለኝም። አስቸጋሪው ሰውዬው ራሱን የሚጠብቅባቸውን ትንንሽ ልማዶች ማስጣል ነው። ውኃ ይዞ መውጣት፣ በር አጠገብ መቀመጥ፣ በኪስ ውስጥ ፈጽሞ የማይዋጥ ክኒን መያዝ፣ የልብ ምትን በጣት መቁጠር፣ ግድግዳ መደገፍ፤ ፖል ሳልኮቭስኪስ በተለይ ያጠናው ይህንኑ ነው። ግድግዳ ስለተደገፍኩ ነው ያልወደቅኩት ብሎ የሚያምን ሰው ሺህ ጊዜ ሳይወድቅ ቢቀር እንኳ ምንም አይማርም፤ ምስጋናው ሁሉ ለግድግዳው ይሄዳል። እኔም ልቤ እንዳይመታ ስል ደረጃ እንደ ጠላት የምሸሽበት ዘመን ነበረኝ፣ ስለዚህ ይህን የምጽፈው በንቀት አይደለም።

መድኃኒቶቹ ይሠራሉ። ዛሬ በቅድሚያ የሚታዘዙት የሴሮቶኒን መልሶ መመጠጥን የሚገቱት፣ ማለትም እንደ ሰርትራሊንና ፓሮክሴቲን ያሉት ናቸው። ሐኪሞች ሕመሙ ላለበት ሰው ከተለመደው መነሻ ግማሽ ያህል በሆነ መጠን መጀመርን የሚመርጡት በከንቱ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መድኃኒቱ የሚያመጣው መቁነጥነጥና የልብ ምት መጨመር የሰውነቱን ስሜት ሁሉ በጆሮው ለሚያዳምጥ ሰው የፓኒክ መነሻ ሊሆን ስለሚችል ነው። ጥቅሙ የሚታየውም ከሳምንታት በኋላ ነው። እንደ አልፕራዞላም ያሉት የቤንዞዳያዜፒን መድኃኒቶች ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያረጋጋሉ፤ ችግራቸውም ከዚሁ ይጀምራል። አይዛክ ማርክስና ባልደረቦቹ በለንደንና በቶሮንቶ በ154 ታካሚዎች ላይ አካሂደው በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ አልፕራዞላምም ሆነ የሚፈሩትን መጋፈጥ በሕክምናው ጊዜ ረድተዋል፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ግን የአልፕራዞላሙ ጥቅም ሲተን የመጋፈጡ ጥቅም ጸንቶ ቆይቷል።

«ሁለቱን አንድ ላይ ብናደርግስ?» የሚለው ጥያቄ ተፈጥሯዊ ነው። ዴቪድ ባርሎውና ባልደረቦቹ በ2000 ያሳተሙት 312 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት የንግግር ሕክምናን፣ ኢሚፕራሚንን፣ ሁለቱን በአንድነት፣ አስመሳይ (መድኃኒት የሌለበት) ክኒንን፣ እንዲሁም የንግግር ሕክምናን ከአስመሳይ ክኒን ጋር አነጻጽሯል። በሕክምናው ጊዜ ሁሉም ከአስመሳዩ ክኒን በልጠዋል፤ ጥምረቱም በተለይ እየቆየ ሲሄድ የተሻለ መስሎ ነበር። ሕክምናው ሁሉ ቆሞ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ግን ከመድኃኒት ጋር የተጣመረው የንግግር ሕክምና ብቻውን ከተሰጠው የባሰ ሆኖ ተገኘ፤ ከአስመሳይ ክኒን ጋር የተሰጠው ግን አልጎደለም። ለዚህ የሚሰጠውና እኔም የምቀበለው ማብራሪያ፣ መድኃኒት ላይ ሆኖ የተማረ ሰው ድፍረቱን ለመድኃኒቱ ይቆጥራል የሚል ነው። ይህ ማለት ግን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ ከቤት መውጣት የተሳነው ሰው ከሕክምና ክፍሉ ለመድረስ እንኳ የመድኃኒት እርዳታ ያስፈልገው ይሆናል፤ የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ማግኘትም ለብዙ ሰው ቀላል አይደለም።

ቤንዞዳያዜፒን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በራሱ ውሳኔ በድንገት ማቆም የለበትም፤ መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ መቀነስ አለበት። በዚህ ላይ ማይክል ኦቶና ባልደረቦቹ በ1993 ያሳተሙት ትንሽ ጥናት ከሚገባው በታች የሚጠቀስ ይመስለኛል። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ብቻ ከቀነሱት ታካሚዎች 25 በመቶው ሲያቆሙ፣ እየቀነሱ የንግግር ሕክምናውን ከተከታተሉት ግን 76 በመቶው ማቆም ችለዋል። መድኃኒቱ ሲቀንስ የሚመጡት መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ መደለቅ እነዚያው የሚፈሩት ስሜቶች ናቸውና፣ በወንበሩ ላይ እየዞረና በመምጠጫው እየተነፈሰ የለመዳቸው ሰው ሲመጡበት አዲስ አይሆኑበትም።